አድሃሪዋ መኪና

ባሌ መኪናዋን ያገኘው አብዮቱ ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ሆሳዕና ሲሠራ ባሌ አስተርጓሚው ስለነበር፣ ሊሄድ ሲል ቁልፉን አስጨበጠው። አሜሪካ ሠራሽ፣ ረጅም፣ ያን ጊዜም ቢሆን ያረጀች መኪና ነበረች። ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ነው፤ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም። የከተማው ሾፌሮች ይህን ከጉድለት ቆጠሩባት። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን በመስኮቷ አስገብቶ ካየ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ አንዱን ፔዳል ሰርቀውሃል» ብሎ ከልቡ አዘነ።

ባሌ ግብርና ቢሮ ነበር የሚሠራው። የእንሰት በሽታን ከመጽሐፍ አንብቦ እንሰት ሲተክል ላረጀ ገበሬ ያስረዳል። ስለዚህ በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ሁሉ በእጁ የሚሠራ ይመስለው ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን መጣ። በልጅነቴ መዝሙር ያስጠናኝ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን የሚያስጠናው መፈክር ነበር።

«ጓድ፣ ከአውራጃ የሚመጡትን እንግዶች ወደ ሜዳው የምታደርሰው አንተ ነህ» አለው። «የእናት አገር ጥሪ ለመኪናህም ደርሷታል።»

«ካምቢዮዋ እየተንሸራተተ ነው» አለ ባሌ። «ዘይቱ ሳይቀየር አትሄድም።»

«ቀይረዋ። ማን ከለከለህ?»

የከለከለው ሰው አልነበረም፤ የሚያግዘውም እንዲሁ። የከተማው መካኒክ ፍሪሲዮን የሌለውን ነገር አልነካም አለ። ባሌ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ግንድ አስደገፋቸው፣ ሰሌን ዘርግቶ በጀርባው ከሥር ገባ። እኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ይህች መኪና ዘይት ማውረጃ ቡሎን የላትም። ከካምቢዮው ሥር ያለው ክዳን ዙሪያውን በቡሎን የታሰረ ነው፤ ዘይቱ የሚወርደው እሱ ሲፈታ ነው።

«ሐኪሙ ከመኪናዋ ጋር የተወልህ መጽሐፍ ምን ይላል?» አልኩት።

«ከአንድ ወገን በጥንቃቄ እያላላህ ፍታ ይላል።»

«ታዲያ አንተ ለምን ሁሉንም ትፈታለህ?»

ጠይቄ ሳልጨርስ ክዳኑ ወረደ። ዘይቱ ሳፋውን ስቶ ደረቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ፣ አፉ ውስጥ ፈሰሰ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ቀይ ነው። ከሥር ሲወጣ ሰው አይመስልም ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣምና የግቢው ጎርፍ ዘይቱን እየነዳ በበሩ ሥር ወደ መንገድ አወጣው።

በዚያ ዘመን ከአንድ ሰው በር ሥር ቀይ ነገር ሲፈስ ያየ መንገደኛ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መንገድ ይቀይራል። ጎረቤታችን፣ አንዲት አሮጊት፣ ብቻ መንገድ አልቀየሩም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና መሬት ላይ ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ጀመር። ባሌ ጓሮ ገላውን ሲታጠብ ነበርና አላዩትም።

«እማማ፣ ምንም አልሆንንም። የፈሰሰው የካምቢዮ ነው» አልኳቸው።

ዕንባቸውን ጠረጉ። «ካምቢዮ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ባሌ ታጥቦ ብቅ ሲል ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እሱ የተሳመው ለሙያው መሰለው።

አዲሱ ዘይት ሆሳዕና አልተገኘም። ዳምቦያ አስጠየቅን፣ እዚያም የለም። ይህን የሰማው ሊቀመንበር ከቀበሌው መጋዘን ጥቁር፣ እንደ ማር የወፈረ የሞተር ዘይት በጀሪካን አስይዞ መጣ።

«ይሄ ለካምቢዮ አይሆንም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ባሌ።

«ዘይት ዘይት ነው። በዘይት መካከል መደብ የሚፈጥረው ቡርዣ ነው።»

ተጨመረ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሁለት የአውራጃ እንግዶች ካኪያቸውን አስተኩሰው ከኋላ ገቡ፤ ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀመጠ። ባሌ ሞተሩን አስነስቶ ማርሹን ወደፊት አስገባ። መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልተነቃነቀችም። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ባሌ የኋላ ማርሹን ሞከረ፤ ሄደች። እንደገና ወደፊት ሞከረ፤ ቆመች።

«በሄደችበት ውሰደን» አለ ከኋላ የተቀመጠው እንግዳ።

ባሌም አንገቱን አዙሮ ከቤታችን በር እስከ ሜዳው ድረስ ወደ ኋላ ነዳት። ግራና ቀኝ የተሰለፈው ሕዝብ «ወደፊት» እያለ መፈክር ያሰማል፤ እንግዶቹ ደግሞ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ትተውት ለሚሄዱት መንገድ እጃቸውን ያውለበልባሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ግን ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ ቀረ። ባዶ እግሩን የነበረውም ጭምር።

በማግስቱ ባሌ ለሂስ ተጠራ። ስብሰባው የተደረገው ተዘግቶ ለቀበሌው በተሰጠው ጸሎት ቤታችን ነው፤ አባቶቻችን በሠሯቸው አግዳሚዎች ላይ ተቀመጥን። አድሃሪ ማለት ወደ ኋላ የሚጎትት መሆኑን ሁላችንም ጠንቅቀን አጥንተን ነበርና ጥያቄው አድሃሪዋ መኪናዋ ናት ወይስ ሾፌሩ የሚል ሆነ። አንዱ ተነስቶ መኪናዋ አሜሪካ ሠራሽ መሆኗ ይያዝልኝ አለ። ሌላው ሾፌሩ አንገቱን ማዞሩን በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ስለ ዘይቱ ያነሳ የለም። ባሌ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ቆመና፣ «ወደ ኋላ የሄድኩት ወደፊት አልሄድ ብላኝ ነው» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው፤ ሳሉም ወንበር ለወንበር ተዛመተ። መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ፣ ባሌም በየሳምንቱ የውይይት ክበብ እንዲማር ተወሰነ።

ዱራሜ ነርስ የሆነችው እህቱ ከአዲስ አበባ በሚመላለስ ሾፌር በኩል ትክክለኛውን ቀይ ዘይት አገኘችልን። ባሌ ጥቁሩን አወረደ፤ አሁን ቡሎኖቹን ከአንድ ወገን ብቻ ነበር ያላላው። ማጣሪያውን በላምባ አጠበ፣ ክዳኑን መልሶ አሰረ፣ ቀዩን ሞላ። መኪናዋ በግቢያችን ውስጥ ጥቂት ወደፊት ስትሄድ እሱ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። እኔ ዕንባውን እንዳላየ ሆኜ ሳፋዬን አጠብኩ።

ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ አለና፣ በቀበሌያችን የተካሄደው ጠንካራ ሂስ ፍሬ ማፍራቱን፣ ሾፌሩም መኪናዋም ታርመው ወደፊት መጓዝ መጀመራቸውን አበሰረ። ይህም ለአውራጃው በሪፖርት ይቀርባል አለ።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ባሌም አጨበጨበ፤ ጥፍሮቹ ሥር ገና ቀይ ነበር።