ግራ የሚገባ ዳዶ

ክንዱ የሚባለው ገበሬ ብረት ሲላጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነበር። ከሰከላ ተነስቶ ቡሬ ገበያ የወረደው ለአባቱ ማረሻ ሊገዛ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ሲያልፍ በሩ የተከፈተ ወርክሾፕ አየ። ውስጥ አንድ ማሽን ወፍራም ብረት ይዞ ያሽከረክራል፤ ከብረቱ ላይ ረጅምና ሰማያዊ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ክንዱ ብረት በእሳትና በመዶሻ ካልሆነ በሌላ አይበገርም ብሎ ነበር የሚያስበው። እዚህ እሳት የለም፤ መዶሻም የለም። ብረቱ እንደ ድንች ይላጣል።

የቤቱ ባለቤት አቶ ገብረሰንበት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ በሩ መጡ።

"ምን ፈለግህ?"

"ምንም። ግር ብሎኝ ነው። ሁለቱም ብረት አይደሉም? አንዱ ሌላውን እንዴት ይልጠዋል?"

"ገበያህን ግዛ ወንድሜ፣ ይመሽብሃል" አሉና ተመለሱ።

ማረሻውን ሳይገዛ ገበያው ተበተነ። በሳምንቱ ቅዳሜ ተመልሶ እዚያው በር ላይ ቆመ። በሦስተኛው ቅዳሜ በያጁ ደስታው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ "ጋሼ፣ ወይ ይቅጠሩት ወይ በሩን ይዝጉት፤ ብርሃን ከለከለኝ" አለ።

ክንዱ ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። አባቱ ሲታመሙ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻ ተመለሰ። አባቱ ከዳኑ በኋላም ወደ ቅኔው አልተመለሰም፤ ለምን እንዳልተመለሰ ራሱም በደንብ አያውቅም። ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣው አንድ ልማድ ነበር፤ የሰማውን ቃል እንደወረደ አይቀበልም፤ ገልብጦ ከሥሩ ሌላ ይፈልጋል። ደስታው ይህን ሲሰማ ወዲያው "መሪጌታ" ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ።

አቶ ገብረሰንበት ሲቀበሉት ውላቸውን በአጭሩ ነገሩት። "እስከ ፍልሰታ ድረስ የሠራኸው አንድም ዕቃ ተበላሽቶ ካልተመለሰ ቶርኖው ላይ ትቆማለህ። ከተመለሰ ግን አንተም ወደ መሬትህ ትመለሳለህ።" ቶርኖ የሚሉት ያን ብረት የሚልጠውን ማሽን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ክንዱ ቶርኖውን አልነካም። ሞረድ ይዞ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ብረት በስድስቱም ጎኑ እኩል እስኪሆን ሲሞርድ ከረመ። ካሊብሮ የሚባለውን መለኪያ ሲሰጡት ግን ሌላ ሰው ሆነ። የራሱን ፀጉር ለካ። የደስታውን ለካ። የጋሪ ፈረስ ጭራ ነቅሎ አመጣና ከሰው ፀጉር ሦስት እጥፍ እንደሚወፍር ለቤቱ ሰው ሁሉ አበሰረ።

"ለምንድን ነው ዘይት የምናፈስበት? ለምን ቀስ ሲል ይንጫጫል? ይሄኛው ልጣጭ ለምን ሰማያዊ ሆነ?"

"አይተህ ያዝ" ይላሉ አቶ ገብረሰንበት። "እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት።" ጥያቄው ሲበዛባቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ ክንዱ ቁጡ ሆነው ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ግንቦት ላይ ከሽንዲ አንድ የወፍጮ ዘንግ መጣ። የወይዘሮ እናኑ ወፍጮ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለ፤ ድንጋዩን ጨብጦ የሚይዘው ዳዶ የሚጠብቀው በዚያ ጥርስ ነው። ጥርሱ ተበልቷል፤ ዳዶውም ተሰንጥቆ ጠፍቷል። ደስታው በጠዋት የተበላውን ጫፍ በብየዳ ሞላው። የቀረው እንደገና አስተካክሎ ጥርስ ማውጣትና አዲስ ዳዶ መሥራት ነው።

አቶ ገብረሰንበት በዚያን ቀን ማንኩሳ ቀብር ነበረባቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከበሩ ሲወጡ ዞር አሉና፣ "የሽንዲው ዳዶ ግራ የሚገባ ነው፤ ተጠንቅቀህ ሥራው" ብለውት ሄዱ።

ክንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶርኖው ላይ ብቻውን ቆመ። ውፍረቱን ለካ፤ ምንም ግራ የሚገባ ነገር የለም። የጥርሱን ርቀት ከወርክሾፑ የልክ ደብተር አየ፤ የተለመደ ነው። ዘንጉን በጣቱ ዳሰሰ፣ አንኳኳ፣ አሸተተው። ጋሼ ያለ ነገር አይናገሩም፤ ግራ የሚያጋባው ምኑ ነው? እኩለ ቀን ላይ የገባው መሰለው። በብየዳ የተሞላው ብረት እዚህ ጠጣር፣ እዚያ ለስላሳ ነው፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ቢቆርጠው ይንሸራተታል። "ወርቁ ይሄ ነው" አለ ለራሱ፤ ብረቱን በስሱ እየላሰ፣ እየላሰ፣ ከሃያ ጊዜ በላይ እየተመላለሰ ጥርሱን አወጣ። ዳዶው በሁለት ጣት ሲያዞሩት እንደ ቅቤ ገባ።

ደስታው አንስቶ አየው። "መሪጌታ፣ ይሄስ ቀለበት ተብሎ ጣት ላይ ይደረጋል!"

ዘንጉና ዳዶው በማግስቱ በአይሱዙ ወደ ሽንዲ ተላኩ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ እናኑ ራሳቸው መጡ፤ ዳዶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል።

"አያ ገብረሰንበት፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ይህ ዳዶዎ ሥራ አይወድም መሰለኝ። ሞተሩ ገና ሲነሳ እሱ ቀድሞ ይወርዳል!"

"ይወርዳል?"

"እናጠብቀዋለን፣ ይፈታል። እናጠብቀዋለን፣ ይፈታል። ሦስተኛው ላይ ድንጋዩ ሊያባርረን ሲነሳ ጊዜ ሁላችንም በር በሩን አልን። እህል ያመጣው ሰው አሁንም ተሰልፎ ቆሟል።"

አቶ ገብረሰንበት ዳዶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ቀኝ አወጣኸው?"

ክንዱ አልገባውም።

"ግራ የሚገባ ነው አላልኩህም? ወደ ግራ ሲያዞሩት የሚገባ! ጥርሱ የግራ ነው!"

"እኔ እኮ…" አለ ክንዱ። "እኔ እኮ ነገሩ ግራ ያጋባል ያሉኝ መስሎኝ ነው።"

ደስታው የብየዳ ሽቦውን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በዘመኑ አንድ ቀን እንደወረደ ቢናገሩት እንኳ፣ እሱ ቅኔ ነው ብሎ ተቀበለ!" ወይዘሮ እናኑም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ገብረሰንበት ግን አልሳቁም።

"ዕቃው ተመልሷል" አሉ። "ያልኩህን ታውቃለህ።"

ክንዱ ቱታውን አወለቀ፤ አጣጥፎ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስቀመጠው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው።

"ጋሼ፣ ልሂድ። ግን ለምን ግራ ሆነ?"

አቶ ገብረሰንበት ጀርባቸውን አዞሩ።

"እንግዲያው ከእትዬ ጋር ሽንዲ ልሂድና ዘንጉን ፈትቼ ልላክልዎ። ወፍጮውን አይቼ ከዚያው ወደ አገሬ እሄዳለሁ።"

"እንዳሻህ" አሉ ዘወር ሳይሉ።

ሽንዲ ሲደርሱ ክንዱ ድንጋዩን አውርዶ ሞተሩን ባዶውን አስነሳ። በዳዶው በኩል ተንበርክኮ አየ፤ ዘንጉ ወደ ቀኝ ይዞራል። ነገሩ ይብሱን ጠመመበት። የቀኝ ዳዶ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት አይደለም የሚጠብቀው? ዘንጉ ወደ ቀኝ ከዞረ ዳዶው ይብስ ሊጠብቅ ሲገባው እንዴት ይፈታል? አጠፋ፣ አስነሳ፣ አጠፋ።

"ናፍጣዬን ጨረስከው እኮ" አሉ ወይዘሮ እናኑ፤ ትንሿን ጀሪካን ይዘው መጡ። ክዳኗ ዘይት ጠጥቶ እጅ ያሟልጫል። ክዳኑን በጨርቅ ጨምድደው ያዙና ጀሪካኗን ራሷን ከሥር ወደ ቀኝ ጠመዘዙ። ክዳኑ ተከፈተ።

ክንዱ ብድግ አለ። "እትዬ፣ እስቲ ይድገሙት!"

"ምኑን?"

"ክዳኑን።"

"ናፍጣውን ልትጠጣው ነው እንዴ ልጄዋ? ዳዶው ይህን ያህል ቆረቆረህ?"

ነጥቆ ራሱ ደገመው። ክንዱ ይህን ታሪክ ሲያጫውተኝ፣ እስኪገባኝ ድረስ እኔም ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ክዳኑ አልተንቀሳቀሰም። ከሥሩ ያለው ወደ ቀኝ ሲዞር፣ የተያዘው ክዳን ወደ ግራ እንደዞረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ይፈታል። ወፍጮውም እንዲሁ ነው፤ ድንጋዩን እህሉ ይይዘዋል፤ ድንጋዩ ከዘንጉ ወደኋላ ይቀራል፣ ዳዶውንም አብሮ ይይዘዋል። ዘንጉ ግን ከሥር ይሮጣል። ጥርሱ የግራ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው በፈጨ ቁጥር ዳዶው ራሱን ያጠብቅ ነበር።

ወደ ሰከላ አልሄደም። በማግስቱ ጠዋት ዘንጉን ይዞ ቡሬ ገባ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም የወርክሾፑን የውሃ ጀሪካን አንስቶ ለአቶ ገብረሰንበት አሳያቸው። እስኪጨርስ አዩት። ከዚያ ተቀበሉትና ክዳኑን ይዘው ጀሪካኑን አዞሩ። አጠበቁት፣ እንደገና አዞሩ። ሦስት ጊዜ።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አሉ በመጨረሻ። "ሃያ ሁለት ዓመት ናሙናውን እያየሁ ነው የምቆርጠው። ናሙናው ግራ ከሆነ ግራ፣ ቀኝ ከሆነ ቀኝ። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ አሳየኝ፤ ለምን ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ሰው ጌታው እያለ ሲጠራኝ ይብስ አፈርኩ።"

"ታዲያ መሪጌታን ሲቆጡት የከረሙት…" ብሎ ደስታው ጀመረ።

"አንተ ዝም በል።" ወደ ክንዱ ዞሩ። "ቃሌ ቃል ነው። ዕቃ ተመልሷል፤ በፍልሰታ ቶርኖውን አልሰጥህም።"

"እሺ ጋሼ። ልሂድ እንግዲህ።"

"ማን ሂድ አለህ? ዛሬ ይህን ዘንግ አብረን እናርማለን። ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ትቆማለህ። ዕቃ ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደየት እንደሚዞርና ምን እንደሚይዘው ጠይቀህ በጠመኔ ትጽፍበታለህ። እኔ የማፍረውን አንተ አታፍርም።"

የሽንዲው ዳዶ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ገባ፤ ወይዘሮ እናኑም ለዚያ ጉዳይ ሁለተኛ ቡሬ አልመጡም። ክንዱ ቶርኖው ላይ ዳግም ብቻውን የቆመው ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ የራሱ ማሽን አለው፤ ሲያወራ ግን ደስ የሚለው ያ በር ላይ የቆመበት ዓመት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት የመጣው ታከለ የሚባል ባለጋሪ ነበር። ጎማው እየወለቀ አስቸግሮታል። ክንዱ ጠመኔውን ይዞ ቀረበ።

"ወደየት ነው የሚዞረው?"

"ምኑ?"

"ጎማው።"

ታከለ ፈረሱንም ክንዱንም ተራ በተራ አያቸው። "ፈረሱ ወደሄደበት ነዋ! ወደየት ይዞርልህ?"

ከውስጥ የደስታው ሳቅ ተሰማ። ክንዱ ግን ጎንበስ ብሎ ጋሪውን ወደፊት እንዲያስኬድለት ለመነ። የቀኙን ጎማ ከውጭ በኩል አየ፤ ወደ ቀኝ ይዞራል። በጋሪው ኋላ ዞሮ የግራውን ከውጭ አየ፤ ወደ ግራ ይዞራል። ያው ጋሪ፣ ያው ፈረስ፣ ያው መንገድ። ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ፤ ምን ብሎ ይጻፍ?

"ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይምጡ!"

አቶ ገብረሰንበት ማሽኑን አጥፍተው ወጡ። ልብሳቸው አቧራ ይነካል ሳይሉ ከጎኑ ቁጢጥ አሉና፣ "እስቲ ትንሽ ወደፊት በልልን" አሉት ባለጋሪውን።