ፌኔት ተራራው ጫፍ ላይ

ፌኔት ቂሊንጦ ካለው ልብስ ፋብሪካ የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ ጠዋት ከሰርቪስ ስትወርድ፣ እንደ ሰው ወደ ቤቷ ገብታ መተኛት ነበረባት። አልገባችም። አቃቂ ገበያው ጀርባ ወዳለው ወደ እትዬ ናዕማ ጌም ቤት ታጠፈች። እትዬ ናዕማ ትናንት ደውለው፣ "ፌኑ፣ ያንን ያንቺን ጌም ነገ ቆራሌው ሊወስደው ነው። መሰናበት ካማረሽ በጠዋት ነይ" ብለዋታል። በቦታው ሌላ የእግር ኳስ ጌም ሊገባ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ የሚወሰደው ዕቃ ዕቃም አይባል። ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሰረ ማጫወቻ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈበት የማይታወቅ አንድ ሲዲ። ሲዲው ውስጥ ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ አለች፤ ከገደል ገደል እየዘለለች ተራራ ትወጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ፌኔት ግን ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች ይህን ስትጫወት ነው ያደገችው፤ ዛሬም ኦፍ በወጣች ቁጥር ትመጣለች። ሰው ይስቅባታል። ይሳቅ።

የሚገርማት አሠራሩ ነው። ጌሙ አንድ ቃል ሳይናገር ያስተምራል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጥልቀት የለውም፤ ተጫዋቹ መውደቅን እንዲለምድ ሆን ተብሎ የተቆፈረ ነው። ሊፈርስ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀድማ አንዲት ወፍ ታርፍና ብርር ትላለች፤ ልብ ያለ ይተርፋል፣ ልብ ያላለ ይወድቃል። ቁልፉን ነካ ካደረጉት ልጅቷ አጭር ትዘላለች፣ ጫን ካሉት ትርቃለች፤ ከወደቀች ጥፋቱ የጣት ነው እንጂ የማንም አይደለም። የዘንድሮዎቹ ጌሞች ገና ሳይከፈቱ የሰው ዳታ ይጨርሳሉ፣ ደግሞ ይሄን ግዛ ያንን ግዛ እያሉ ይጨቀጭቃሉ። ፌኔት ይህን የሠራውን ሰው አታውቀውም፤ የት አገር እንደሚኖር፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም። እሱ ግን የት ጋ እንደምትሳሳት ከእሷ ቀድሞ አስቦላታል። ይህን ስታስብ ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

ገብታ ቁጭ አለች። ከጎኗ ሰቦቃ የሚባል የብረት ሠራተኛ ከጓደኛው ጋር ኳስ ይጫወታል። ቆራሌው ጆንያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"እሷ ትጨርስና ትወስደዋለህ" አሉት እትዬ ናዕማ።

ፌኔት አንዴም ሳትወድቅ ጫፍ ደረሰች። ልጅቷ እንደ ወትሮው ተቀመጠች፣ ፋኖሷ ደብዝዞ ጠፋ፣ ስክሪኑ ጨለመ። የጌሙ መጨረሻ ይህ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። በእትዬ ናዕማ ቤት ደንብ ስክሪኑ ሲጨልም ተረኛው "አለቀ፣ ተነሽ" ብሎ ጆይስቲኩን ይነጥቅና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወረፋ አለ፤ መብራትም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ማን ቁጭ ብሎ ጥቁር ስክሪን ያያል?

ተረኛ በሌለ ቀንም ከልማድ ወዲያው አጥፍታ ትነሳለች። ዛሬ ግን ፌኔት መነሳት አቃታት። ጆይስቲኩን እንደያዘች ጨለማው ላይ አፍጥጣ ቀረች፤ ሆድ ባሳት። ቆራሌውም ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ አላጣደፋትም።

ትንሽ ቆይቶ ከስክሪኑ ጥግ ቀጭን ብርሃን ብቅ አለ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰላት። ብርሃኑ ሰፋ፣ ሰማዩ ቀላ፣ ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳች። ነጋ። ከወጣችው ተራራ ማዶ ሌላ ተራራ ተገለጠ፤ ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ ወንዝ ያለው፣ ዛፍ ያለው፣ ወፎቹ ገና ያልተነሱበት። ልጅቷ ፋኖሷን መሬት አስቀመጠችና ቆማ መጠበቅ ጀመረች።

"እትዬ ናዕማ፣ ይህን አይተውት ያውቃሉ?" አለች ፌኔት።

እትዬ ናዕማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። ሰቦቃ ጎል እየገባበት ፊቱን ወደ እሷ ስክሪን አዙሮ ቀረ። "እኔ እዚህ ጋ ስንቴ መሰለሽ ያጠፋሁት" አለ ቀስ ብሎ።

ፌኔት እንባዋ መጣ። ይህ ሁሉ አገር ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ነበር። የሠራው ሰው በጨለማው ውስጥ ጥቂት ለሚታገስ ብሎ አስቀምጦታል፤ አቃቂ ላይ ግን አንድም የታገሰ አልተገኘም። ቁልፉን ነካች። ልጅቷ ዘለለችና ወዲያው ገደል ገባች። ፌኔት እያለቀሰች ሳቀች፤ እንዲህ እንደ ጀማሪ የወደቀችበትን ቀን አታስታውሰውም።

ቆራሌው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ፣ ልውሰደው?"

እትዬ ናዕማ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ዱካ ወንበር ስበው ከፌኔት ጎን ተቀመጡ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አይሸጥም" አሉት። "ገና አልጨረስነውም።"