ከሌሊት ወፍ ያሸሸኋት ልጅ

ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሲል ቀኝ ጉንጯ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እባጭ ወጣች። ትንኝ ነክሷት ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ እባጯ ባቄላ አከለች፤ መሐሏ ተቦርቡሮ ዙሪያዋ ቅርፊት ያዘ። ልጅቷ ግን አያማት፣ አያሳክካት። ልጅ የማያለቅስበት ቁስል አይቼ አላውቅም ነበርና ፈራሁ።

ጎረቤቶቻችን ገና ሲያዩት «ቁንጭር ነው» አሉ። በእኛ በግሼ ቁንጭርን የማያውቅ የለም፤ የሌሊት ወፍ ሰው ላይ ስትሸና የሚወጣ ቁስል ነው ይባላል። እኔ ደግሞ የሳይንስ መምህር ነኝ። ያን ሰሞን በመምህራን ግምገማ ላይ «ራሱን ከሕዝብ በላይ ያያል» ተብዬ ግለ ሂስ አድርጌ ከወጣሁ ሳምንት አልሆነኝም፤ አመሌ ግን አልለቀቀኝም። «የሌሊት ወፍ ሽንት ጉንጭ የሚበላ ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆናት ሁሉ እስካሁን ፊት አይኖራቸውም ነበር» ብዬ ሳቅኩባቸው።

ቁስሉ ወደ አፍንጫዋ ማዝገም ሲጀምር ሳቁም ቀረ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አፍንጫውን ቁንጭር የበላው አንድ በግ ነጋዴ አውቅ ነበር፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሥር ተከናንቦ ነው የሚነግደው። ልጄን ባየሁ ቁጥር እሱ ይታየኝ ጀመር።

የምንኖርባት የመምህራን ቤት ኮርኒስ ውስጥ እውነትም የሌሊት ወፎች ነበሩ። በርበሬ አጨስኩባቸው። እኛ ሁለት ቀን ቤት መግባት አቃተን፣ እነሱ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ባለቤቴ ትንሿን፣ የአራት ዓመቷን፣ በጉያዋ ይዛ «አንዷስ ሆነ፤ ይቺንም ቁጭ ብለን እናስበላት?» አለችኝ። አላምንም የምል ሰውዬ፣ እኔም ፈራሁ። በማግስቱ ትንሿን አዝዬ ወደ ባለቤቴ አክስት ዘንድ ወረድኩ።

አክስትየው ከእኛ የአራት ሰዓት ቁልቁለት ወርደው፣ ገደል ሥር፣ ሞቅ ባለ አገር ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ሣር ክዳን ነው፤ ኮርኒስ የለው፣ የሌሊት ወፍ የለበት።

«ግድ የለህም፣ እዚህ የሌሊት ወፍ ዝር አይልም» አሉኝ። «ያለው ሽኮኮ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምን ያደርጋታል? ታላቋስ ያለፈውን ክረምት ሙሉ እዚያ አለት ላይ ስትጫወት አልከረመች?»

እፎይ ብዬ ዳገቱን ወጣሁ። ስወጣ እዘፍን እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ትልቋን እናቷ ጠበል አስጠመቀቻት። አንድ መድኃኒት አዋቂ የሚያቃጥል ቅጠል ልለጥፍባት ሲል ግን ገፍትሬ አባረርኩት። በመጨረሻ ከመሐል ሜዳ ሪፈር አጽፈን፣ ሦስታችን በሚኒባስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ፍቃ በመስታወት ላይ ቀባች። ውጤቱ ሲመጣ «ቁንጭር ነው» አለችን፤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው ጎረቤቶቻችን የነገሩንን ለመስማት ነው።

«የሌሊት ወፍ ነው ይላሉ እኛ ዘንድ» አልኳት፣ አብረን እንድንስቅ ብዬ።

አልሳቀችም። «መምህር፣ በምትኖሩበት ገደል አለ?»

«አገሩ በሙሉ ገደል ነው።»

«ሽኮኮስ?»

ረጋ ብላ አስረዳችን። ተመራማሪዎች በእኛው በደጋው አገር ገደላ ገደል እየዞሩ አጥንተውታል አለች። በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ የሚኖረው ሽኮኮ ውስጥ ነው። ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ሽኮኮውን ትነክስና ሰውን ትነክሳለች። ቁስሉ የሚወጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ ሰው የት እንደተነከሰ አያውቅም፤ አጠገቡ ባገኘው ነገር ያመካኛል። ከዚያ «ልጅቷ ያለፈው ዓመት የት ከረመች?» ብላ ጠየቀች።

«ክረምቱን ገደል ሥር ነበረች» ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። ሐኪሟ እኔ የታመምኩ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ።

«ትንሿ እዚያ ናት» አልኳት። «እኔ ነኝ የወሰድኳት። ሦስት ወሯ።»

ትልቋ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ታዘዘላትና ከእናቷ ጋር ቀረች። እኔ ያኑ ቀን ተነሣሁ። ከከተማችን ከራቤል ቁልቁለቱን ስወርድ መሮጤን የማውቀው ስወድቅ ብቻ ነበር። የተማርኩት ሰውዬ፣ በሰው የምስቀው፣ ልጄን በገዛ ጀርባዬ አዝዬ ከድጡ ወደ ማጡ አውርጃታለሁ።

ከአለቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ሽኮኮዎቹን በጣቷ ስትቆጥር አገኘኋት። በውኃ ፊቷን አጥቤ ግንባሯን፣ ሽፋሽፍቷን፣ የጆሮዋን ጀርባ ሳይቀር አገላብጬ አየሁ። ምንም የለም። ቀና ስል የአክስትየውን ፊት አየሁ። ጉንጫቸው ላይ ክብ ጠባሳ አለ። ዓመታት ሙሉ አይቼዋለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ይሄ? ልጅ ሆኜ ቁንጭር ወጥቶብኝ ነዋ። እዚህ አገር ያልወጣበት ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«መች ጠየቅኸኝ? ያኔ የሌሊት ወፍ ሳይኖር አይቀርም።»

ትንሿን ወደ ቤት ካመጣኋት በኋላ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ አገጯን ይዤ በር ላይ በብርሃን ፊቷን አይ ነበር። ቁንጫ በነከሳት ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ቁርሴን የምቀምሰው እሷን ካየሁ በኋላ ነው። አንድም ነገር ሳይወጣባት ዓመቱ አለፈ። የትልቋም ቁስል ከመርፌው በኋላ ደረቀ፤ አፍንጫዋ ተረፈላት፤ ጉንጯ ላይ ግን የሃምሳ ሳንቲም ያህል ጠባሳ ቀረ።

በቅርቡ ትልቋ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ታሪክ እንደ ልማዴ አወራሁላት፤ ስለ ሩጫዬ፣ ስለ አክስትየው መልስ። መሐል ላይ ሳቋን አቆመች።

«አባዬ፣ በየጠዋቱ እሷን ስታይ ከኋላህ ቆሜ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ስትጨርስ ቡናህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

እውነቷን ነው። ያን ጉንጭ ማየት ፈርቼ ነበር፤ በምን እንዳገኛት አውቃለሁና። እሷንም ያን ክረምት ወደ ገደሉ የላክኋት እኔው ነኝ፣ ቤት ውስጥ ረበሸችኝ ብዬ።

«ነይ እስቲ ወደ በሩ» አልኳት። ሠላሳ ሊሞላት ነው። ተነሥታ መጣችና አገጯን ሰጠችኝ።