ነጠላዬን የበላው ድሪል

ባለቤቴ ድሪሉን የገዛው ጎፋ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ነው። ገመድ የሌለው፣ ባትሪው ከእጀታው ሥር ገባ ወጣ የሚል ዓይነት። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ሲያየው ደስታው የሕፃን ነበር። «በይ እንግዲህ፣ ይሄ ቤት አሁን ነው ቤት የሚሆነው» አለኝ። ከዚያስ ምን ሆነ? የሳሎኑን መጋረጃ እንደ ሰቀለ የመንገድ ሥራ ተገኘ ተባለና ወደ ደቡብ ቆላ ሄደ። ግሬደር ነጂ ነው። መንገድ የሌለበት ቦታ ካልተገኘ እንጀራ አይበላም። የቀረውን ሁሉ «ስመጣ» አለኝ። የማድቤቱ መደርደሪያ ስመጣ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ስመጣ፤ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ስመጣ።

እኔም አልቸኮልኩም። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ እኔና ግድግዳው ነን። መስታወቱን መሬት ላይ አስደግፌው ፊቴን ለማየት ቁጢጥ እላለሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አንሶላ በሚስማር ወጥሬያለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ሰው ቀጥረሽ ለምን አታስበሺውም ይለኛል። ኤዲያ! ድሪል ያለው ባል እያለኝ በሰው ባል ግድግዳ አላስበሳም እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። የልቤን ግን አልነግራቸውም። የልቤ ምን ነበር መሰላችሁ? ሥራ የቀረው ቤት ባሉን ይጠራዋል ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ጠቅልሎ ይመጣል፣ ያን ሁሉ የተጠራቀመ ቀዳዳ ሲበሳ ይከርማል፣ እኔ ደግሞ ወንበሩን ይዤለት ቆሜ እጨቀጭቀዋለሁ። የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ዶሮውን በላ፣ ተኛ፣ ተነሥቶ በላ፣ ተኛ፤ በረሃ ውሎ የሚያድር ሰው ምን ይደረጋል። መስታወቱን አየት አድርጎ «ውይ፣ ይሄ ነገር» ሲለኝ «ተወው፣ ሌላ ጊዜ» አልኩት። ሆን ብዬ ነው። ጨርሶ ከሄደ ምን ሊል ይመለሳል? ከሄደ በኋላ አንዳንድ ቀን ሳጥኑን እከፍትና ቃታውን ብቻ ሳብ አደርጋለሁ። ጂርርር ይላል። እሱ ቤት በነበረ ጊዜ የእሑድ ከሰዓት ድምፅ ይህ ነበር። ትንሽ አስጮኸውና መልሼ እዘጋዋለሁ። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ያጃጅለዋል።

ታዲያ የማኅበር ተራዬ ደረሰ። የእኛ ብሎክ ሴቶች የማርያም ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ከቤት ቤት እየዞርን እንጠጣለን። ከእኔ በላይ ያሉት ጎረቤቴ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ መሪያችን ማለት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ እንደ እናቴ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው። ተራዬ ሊደርስ ሲል ቤቴን ሊያዩ ወረዱ። የእመቤታችን ሥዕል ቡፌ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እትዬ ሥዕሏን አዩ፣ አጠገቧ ያለውን ቴርሞስ አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«እመቤታችንን ከቴርሞስ ጋር አስቀምጠሽ ነው ማኅበር የምታጠጪን?» አሉኝ።

አፈርኩ። የሌሎቹ ቤት ሥዕሏ ከፍ ብላ ተሰቅላ፣ ፊቷ መጋረጃ ተደርጎላት ነው የምትታየው። ለመስታወት ቁጢጥ እላለሁ፤ ለእሷ ግን ምን እላለሁ? በማግስቱ፣ በዋዜማው ጠዋት፣ ባለቤቴ ደወለ። ኔትወርክ ለማግኘት ከካምፑ ወጥቶ አንዲት ጉብታ ላይ መቆም አለበት፤ ነፋሱ ከድምፁ እኩል ይሰማል። ነገሩን ነገርኩት።

«እስክመጣ ጠብቂያ» አለኝ።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እሱማ መንገዱ ሲያልቅ…» አለኝ። ሁሌም እዚህ ጋ ሲደርስ መንገዱን ያነሣል።

«ጥሩ፤ እመቤታችን ቴርሞሱን ይዛ ትጠብቅህ» ብለው ሳቀ። ከዚያ «በቃ ድሪሉን አምጪው፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ቡፌው ላይ አኖርኩት።

«መጀመሪያ ባትሪውን ንቀይ።»

«ሳንጀምረው?»

«ፑንታ የሚገባው ባትሪው ወጥቶ ነው። ጣትሽ አፉ ውስጥ እያለ ቢነሣ ማን ያድንሻል?»

ፑንታ የሚሉት ግድግዳውን የሚበሳውን ቀጭኑን ብረት ነው። ጫፉ ወፈር ያለውን፣ የብሎኬቱን፣ ምረጪ አለኝ፤ መረጥኩ። አስገብቼ አፉን በእጄ አጠበቅሁት፤ ጎትተሽ እዪው አለኝ፤ ጎተትኩት፣ አልነቃነቅ አለ። ያኔ ባትሪውን መልሽ አለኝ። ማብሪያ ማጥፊያው የት ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሩ አጠገብ ነው ስለው «ከእሱ ቀጥታ ወደ ላይ ሽቦ አለ፤ በዚያ መሥመር እንዳትበሺ» አለኝ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንዳትወጪ ሲለኝ በስመ አብ ብዬ ወረድኩ፤ ወጥቼበት ነበራ። የእንጨቱን አመጣሁ። የሚበሳው ቦታ ላይ በዓይን ኩሌ እርሳስ ነጥብ አደረግሁ።

«አሁን የሚንጠለጠል ነገር ካለሽ አውልቂ። ሐብል፣ ሻርፕ፣ ምናምን። ፀጉርሽን እሰሪ።»

ሐብሌን አወለቅሁ። ማተቤን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ። ፀጉሬን ጠቅልዬ አሰርኩ። «እሺ፣ ጨርሻለሁ» አልኩት።

«በሁለት እጅሽ ያዢው። አትጫኚው፣ ራሱ ይገባል። ከፈራሽ ጣትሽን ከቃታው ላይ ልቀቂ። ሌላ ምንም የለውም፣ ስትለቂው ይቆማል።»

ወንበሩ ላይ ልወጣ ስል እመቤታችንን አየኋት። ቡፌው ላይ ሆና፣ ልጇን ታቅፋ፣ ቀጥ ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ ራሴን ገልጬ፣ በቤት ቲሸርት። የሀና ማርያምን ደጅ በታክሲ ሳልፍ እንኳ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ነው የምሳለመው። አሁን ሥዕሏን የምሰቅለው ባዶ ራሴን ነው እንዴ? ምን ቆርጦኝ! ነጠላዬን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንሥቼ ተከናነብኩት። ባለቤቴ ሻርፕ አለ፣ ሐብል አለ እንጂ ነጠላ አላለም። ነጠላ ደግሞ ለእኔ የሚንጠለጠል ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ነጠላ ነጠላ ነው።

ቃታውን ሳብኩት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ጀመረ። የብሎኬቱ ብናኝ እጄ ላይ ይረግፋል፣ ፑንታው እየገባ ነው፤ «ገባልኝ! ገባልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እሱም ከወዲያ «ጎበዝ!» ይላል። ቀዳዳው ምን ያህል እንደ ጠለቀ ለማየት ጎንበስ አልኩ። የነጠላዬ ጫፍ ከትከሻዬ ሸርተት ብሎ ወረደ።

ጥለቱን ነው የያዘው። እንዝርት ፈትል እንደሚጠቀልል ጠቀለለው። ጩኸቱ ተለወጠ፣ አንገቴ ወደ ፊት ተጎተተ፣ ነጠላው ጉሮሮዬ ላይ ጠበቀ፣ አገጬ ከድሪሉ ጀርባ ጋር ተጋጨ። ልቀቂ የተባለችው ጣቴ ስትደነግጥ ባሰባት፤ ይበልጥ ጨመቀችው። መጮህ አልቻልኩም። የጮኸው እሱ ነው። «ምንድነው? ምንድነው እሱ? ልቀቂው! ጣትሽን ልቀቂ! አንቺ ልጅ!»

ለቀቅኩት። ቆመ። ድሪሉ ከነጠላዬ ጋር ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደ ምንም ከወንበሩ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ሲመለስልኝ «አለሁ» ብዬ ወደ ስልኩ ዞርኩ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ስልኩ ተቋርጧል።

ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም» ትለኛለች ያቺ ሴትዮ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያንኑ ትላለች። እሷን ምን አደረግኋት? ያ ሰው የሰማው የኔን መታነቅ ብቻ ነው፤ መትረፌን አልሰማም። ለራሴ ከደነገጥኩት ይልቅ የደነገጥኩት ለእሱ ነው።

እትዬ ጩኸቱን ሰምተው ወረዱ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ በማርያም ብለው ደረታቸውን መቱ። ባትሪውን ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ነጠላውን ከፑንታው ላይ ዙር በዙር እየመለሱ ፈቱልኝ። ጥለቱ ተበልቷል። አንገቴ ላይ እንደ ገመድ የቀላ ምልክት ወጥቷል፤ ቅቤ ቀቡኝ። ካለቀሱ በኋላ ምላሳቸው ተመለሰ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይሄ ነው! እመቤታችን እንደሁ ቴርሞሱን ለምዳዋለች፣ ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። ቴርሞሱን ግን ራሳቸው አንሥተው ማድቤት ወሰዱት።

በማግስቱ ማኅበሩ ተጠጣ። እመቤታችን ያለ ቴርሞስ ቡፌው ላይ ናት፣ ሴቶቹ ቤቱን ሞልተውታል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ይቀዳል፤ እኔ ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ላገኘው አልቻልኩም። ከሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩት።

እሱ ነው። የቆላውን አቧራ ከነልብሱ ተሸክሞ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ገለጥ አድርጎ አየኝ። ባል እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አያደርግም። የቀላውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«መልቀቅሽን አልሰማሁም» አለኝ።

ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በጭነት መኪና ወጥቶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ስልኩ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶበት፣ ቀብሬ ላይ ይድረስ ወይ አልጋዬ ላይ ሳያውቅ ነው የመጣው። እዚያው በሩ ሥር ጫማ ማስቀመጫው ላይ ቁጭ አለ። እትዬ «እልል በሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ቤቱን በእልልታ ናጡት። ዳቦ አጎረሱት፣ ጠላ አጠጡት። እኔ ማድቤት ገብቼ እመቤቴን አመሰገንኳት። አመጣሽልኝ አልኳት። መጥቷል፤ በቃ እዚሁ ይቀራል ብዬ ነበር።

ሴቶቹ ሲወጡ እስኪመሽ ተኛ። ነቅቶ ሲበላ አጠገቡ ተቀምጬ «እዚሁ ቀረህ አይደል?» አልኩት።

እንጀራውን ጠቅልሎ አጎረሰኝና «ፈቃድ ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። ሐሙስ ካልተመለስኩ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ» አለ። «ዘንድሮም የሚያልቅ መንገድ አይደለም።»

ተናደድኩ። ሳህኖቹን እያንኳኳሁ አጠብኩ። እሱ ጠዋት ተነሥቶ ወደ መካኒሳ ሄደ። ሲመለስ ከዕቃ መሸጫ የገዛውን ትልቅ የፕላስቲክ መነጽር፣ በያጅ እንጂ ሰው የማያስመስል፣ አምጥቶ ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ድሪሉን እጄ ላይ አስቀመጠ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ መራኝ።

«አንተ እያለህ ለምን እኔ እበሳለሁ?» አልኩት።

«እኔኮ የለሁም» አለኝ።

እንዲህ ነው ያለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። ድሪሉን ወደ ግድግዳው አቀናሁ።

ከኋላዬ ቆመ። ሁለት እጁን በሁለት እጄ ላይ አደረገ። ሸካራ ነው እጁ፤ መሪ ያደረቀው። የመስታወቱን የመጀመሪያ ቀዳዳ አብረን በሳነው። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ነው፤ «አትጫኚ… እንደዚያ… ቀስ» ይለኛል። ያ ግድግዳ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ብሎኬት ግን ምን ውፍረት አለው፤ ወዲያው አለቀ። ሁለተኛውንም አብረን በሳነው።

ሦስተኛው ላይ «በይ አሁን ለብቻሽ» አለና እጁን አነሣ።

የእጄ ጀርባ በረደኝ። ቃታውን ሳብኩት። አልተንቀጠቀጥኩም፣ አልተጫንኩም፤ ፑንታው ቀጥ ብሎ ገባ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጣቴን ለቀቅኩ፤ ቆመ። ካየሁት ቀዳዳ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ባለቤቴ አጨበጨበ። «ጎበዝ! እንግዲህ ምንም ስጋት የለብኝም፣ አርፌ እሠራለሁ!» አለ። ከመጣ ወዲህ እንዲህ ደስ ሲለው አላየሁትም።

እኔ ከግድግዳው ፊቴን ማዞር አልቻልኩም። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አየና ቀረበኝ።

«ምነው? አቧራ ገባብሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አቧራ ነው» አልኩት፤ መነጽሩን ከዓይኔ ላይ ሳላወልቅ።