ዝናብ ነጋሪው አሞሌ

አንኮበር ላይ ሰኔ ሲቃረብ ቤቱን የሚከድን ሰው አስቀድሞ ወይዘሮ ንጋቷን ይጠይቅ ነበር። ጨው ነጋዴዋ በበራቸው ላይ ስባሪ አሞሌ አንጠልጥለው ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጨው ስለሚያልበው፣ ዳስሰው ይናገሩ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ጎረቤታቸው ጣሰው የቤቱን አሮጌ ሣር አንሥቶ ሊከድን ደቦ ጠራ። ጣራው እንደ ተከፈተ ዝናብ ቢመጣ በቤቱ ያለው የዘር ገብስ ይበላሻል፤ ሌላ ዘር የለውም።

ንጋቷ አሞሌውን ዳሰሱ። «ረጥቧል፤ ዛሬ ጣራህን እንዳትነካ።»

ደቦው ሊበተን ሲል የንጋቷ በቅሎ አንገቷን አስግጋ አሞሌውን ትልስ ጀመር።

«እትዬ ንጋቷ፣» አለ ጣሰው፣ «ለካ ዝናቡን የምትነግረን በቅሎዎ ናት!»

ሰዉ በሣቅ ፈነዳ፤ ንጋቷም አብረው ሣቁ። በቅሎዋን አርቀው አሰሩ፤ አሞሌውን ጠርገው ጥቂት ቆይተው ቢዳስሱት ደረቅ ነው።

«በሉ ውጡ! ግን ፍጠኑ።»

የመጨረሻው ሣር ታስሮ ሰዎቹ ከጣራው ሲወርዱ ጉም ከቆላ ወጣና ዝናቡ ወረደ። ጣሰው በአዲሱ ክዳን ሥር ሆኖ ገብሱን ዳሰሰ፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

ንጋቷ ከደጃፋቸው ተጣሩ፦ «ጣሰው! ዘነበ አይደል? በቅሎዬ የሳተችው ሰዓቱን ብቻ ነው!»