ሰው የሚፈልግ መኪና

ባለፈው ሰሞን የመኝታ ቤቴ በር እየጮኸ ስላስቸገረኝ ከሱቅ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ገዝቼ መጣሁ። ክዳኑን ከፍቼ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ፣ በሩንም ሥራውንም ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የስፌት መኪና ዘይት ነበር። ያ ቀጭኑ፣ ውሃ የሚመስለው፣ ላምባ ላምባ የሚለው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠርሙሱን ይዤ ሳሸት ቆየሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር። በሩ እስከ ዛሬ ይጮኻል። እሱን ተይውና ስሚኝ፣ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ እኔና እናቴ ብቻችንን ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድገኛለች፣ ማታ ማታ ደግሞ በእጅ መርፌ የጎረቤት ልብስ ትጥፋለች። ጣቶቿ በሳሙና ተሰነጣጥቀው ክሩ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ያማት ነበር። አሟት እንደሆነ የማውቀው ዝም ስትል ነው፤ ሳያማት ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ናዝሬት ይኖሩ ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እውነቱን ለመናገር አባቴ ከሞተ በኋላ ቀና ያደረጉን እሳቸው ናቸው። ተዝካሩን ያወጡት እሳቸው፣ በየዓመቱ ጤፍ የሚልኩት እሳቸው። ታዲያ በፋሲካ መጥተው ሲያበቁ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሳህን ሳጥብ፣ «ይቺን ልጅ ስጪኝ» ሲሏት ሰማሁ። «እኔም ሰው አገኛለሁ፣ እሷም ትማራለች፣ አንቺም ይቀልልሻል።» እናቴ «እግዜር ያውቃል፣ እትዬ» አለች። እኔ ሳህኑን ይዤ ቀረሁ።

አሁን ላለ ሰው ይህ ግራ ሊሆንበት ይችላል። በኛ ዘመን ልጅን ለዘመድ መስጠት ጭካኔ አልነበረም፤ በኛ መንደር ብቻ አክስቱ ወይ አጎቱ ጋ ያደገ ስንት አለ። እምቢ ማለት ግን ነውር ነው። «አላምንሽም» ማለት ነው፣ ያውም ጤፍ ለሚልክልሽ ሰው። እናቴም እምቢ ማለት አልቻለችም፣ እሺም አላለች። አክስቴ «ለጳጉሜ እመጣለሁ፣ መሸኛዋን ከቀበሌ አውጥተሽ ጠብቂኝ» ብለው ሄዱ። ያለዚያ ወረቀት ስሜ ከቀበሌው ሱቅ ደብተር አይሰረዝም፣ ናዝሬት ያለ ትምህርት ቤትም አይመዘግበኝም። እናቴ ቀበሌ በሄደች ቁጥር ወረቀት ይዛ ትመጣ እንደሆነ እጇን አይ ነበር። ስኳር ይዛ ትመጣለች፣ ሳሙና ይዛ ትመጣለች። እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ።

አክስቴን አልጠላቸውም ነበር እኮ። ደግ ናቸው። ቤታቸው ግን ጸጥ ያለ ነው፤ አንድ ክረምት ሄጄ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ የሚቆጣ ሰው አጥቼ አልቅሻለሁ።

ነሐሴ ላይ ለእናቴ ዕቁብ ወጣላት። «የስፌት መኪና እገዛለሁ፤ ከሰው በር ከሰው በር መንከራተት ይበቃኛል» አለች። ሌላው ልጅ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን በልቤ፣ «አሃ፣ እኔን ሸኝታ በኔ ቦታ መኪና ልታስቀምጥ ነው» አልኩ። የልጅ ነገር ነው ብለሽ እለፊኝ።

ስለ መኪና የሚያውቅ ሰው ስትፈልግ ማንን ብትይዝ ጥሩ ነው? የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት በረንዳ ላይ የሚሰፉ፣ አፋቸው ከስፒል የማይለይ፣ እድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ጎረቤቶቻችን «አንቺ ሴት፣ ገበያቸውን ልትሻሚያቸው ነው፤ ደህና ይመርጡልኛል ብለሽ ነው?» እያሉ ሳቁባት። እሳቸው ግን ግማሽ ቀን ሥራቸውን ዘግተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደረሱ መጡልን።

አሮጌ መኪና የሚሸጥበት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ደረስን። ዝናቡ አባርቶ ጆንያውና ጭቃው ይሸታል፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ዘይቱ። አሮጌ መኪናዎች ተደርድረዋል፣ አንዳንዱ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። እኔ በሚያብለጨልጨው ዓይኔ ተያዘ። ልብስ ሰፊው አይተውኝ «ቀለም አይሰፋም» አሉኝ። ከኪሳቸው የደብተር ወረቀት አወጡና ክር በሌለው መርፌ ሥር አስገብተው አዞሩ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጉት። የመርፌው ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። «ይቺ ጠጥታለች» ብለው መለሷት። ሻጩ ወጣት አንገቱን አከከ።

አራተኛዋ የእግር መኪና ነበረች። ጠረጴዛዋ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ቀለሟ ተልጧል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወረደ። እናቴ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን መርገጫው ላይ አኖረች። መጀመሪያ ወደ ኋላ እየዞረ አስቸገራት፣ ከዚያ ያዘችው። ሁለት እጆቿ ጨርቁን እየመሩ፣ እግሯ ከሥር እየረገጠ፣ አንዲት የአቡጀዲ ቁራጭ ከጫፍ ጫፍ ሰፋች። ፊቷ ሲፈካ አየሁት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ፊት አላየሁትም ነበር።

ልብስ ሰፊውና ሻጩ ሲከራከሩ ቆይተው ዋጋው እናቴ ከያዘችው ብር በታች ወረደ። «ውሰጂያት፣ እንዲህ ያለች ሁለተኛ አታገኚም» አሏት። እናቴ የመኪናዋን አናት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ የእንግዳ ልጅ አፍ የሚጠርግ ሰው እንደሚያደርገው ቀስ አድርጋ። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀችና «ያችን የእጅ መኪና አውርድልኝ» አለች፣ ወደ መደርደሪያው እያሳየች።

ሻጩ «እናቴ፣ ይቺኛዋ እኮ ትሻልዎታለች» አለ። እሷ አልሰማችውም። የእጅ መኪናዋ ወርዳ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ እናቴ ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘችና «ነይ፣ አንቺ አዙሪ» አለችኝ። መዘወሪያውን ይዤ አዞርኩ። ሻጩ ሳቁ መጣና «እናቴ፣ ለዚህ ደግሞ ረዳት ምን…» ሲል ልብስ ሰፊው «አንተ ልጅ፣ ዋጋህን ብቻ ተናገር» ብለው አቋረጡት። እናቴን አዩዋት። እናቴ ጨርቁን ታያለች። እሳቸው ወረቀታቸውን አውጥተው ይቺንም ፈተኗት። «ደህና ናት» አሉ በመጨረሻ።

ከተረፈው ብር ላይ እናቴ ለኔ ሸራ ጫማ ገዛችልኝ። ገባኝ፤ የናዝሬት መንገድ ጫማ ነው። ርካሹን መኪና የመረጠችው እኔን አሳምራ ለመሸኘት ነው አልኩ በልቤ። እናቴና ልብስ ሰፊው መኪናዋን እየተቀባበሉ ተሸክመው ከፊት ሲሄዱ፣ እኔ ጫማዬን ታቅፌ ከኋላ እያለቀስኩ ልደታ ደረስኩ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዞር ሥራዬ ሆነ። እናቴ ጨርቁን ትመራለች፣ እኔ በቀኟ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አዞራለሁ። «ቀስ»፣ «ቁሚ»፣ «አሁን» ትለኛለች። ወደ ኋላ ካዞርኩ ክሩ ይተበተባል፣ እሷም ትነጫነጫለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳትናገር ከትከሻዋ ማወቅ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊው እንኳ የመስከረም ዩኒፎርም ሲበዛባቸው የተቆረጠ ጨርቅ ለእናቴ ያመጡላት ነበር።

ጳጉሜ ገባና አክስቴ ብርቱካን ይዘው መጡ። ልብስ ሰፊውም የኮሌታ ጨርቅ አምጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። አክስቴ ተቀምጠው አረፍ እንዳሉ «መሸኛውስ?» አሉ። እናቴ ተነስታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ ጨርቅ አስገባችና በዓይኗ ጠራችኝ። አዞርኩ። አንድ እጅጌ ሙሉ ሰፋን። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«እትዬ፣ እንደሚያዩት መኪናዋ የእጅ ናት። አንዱ ካላዞረ አንዱ መስፋት አይችልም። እግዜር ያሳይዎት፣ ይቺ ልጅ ከሄደች እንጀራችን ይዘጋል» አለች።

አክስቴ ወደ በሩ ዞረው «እውነት ነው?» ብለው ልብስ ሰፊውን ጠየቁ። እሳቸው ስፒሉን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። «እውነት ነው እመቤቴ። ያለ ሁለት ሰው አትሠራም።»

አክስቴ መዘወሪያውን ትኩር ብለው አዩት። «የኔዋ የእግር ናት» አሉ። «ሰው አትፈልግም።»

እኔ፣ ሞኟ፣ ደስታዬ ልክ አጥቶ ያለ ጨርቅ አዞር ነበር። አክስቴ ምሳቸውን በልተው፣ ብርቱካኑን በእጃቸው ልጠው ሰጡኝ፣ ሁለት ጉንጬን ስመው «እናትሽን አግዢ» አሉኝ። ጤፉ በየዓመቱ መምጣቱን አላቋረጠም። ስለ መሸኛ ግን ዳግመኛ አንድ ቃል አላነሱም። ጥቂት ዓመት ቆይተው ሲሞቱ እናቴ ለአባቴ ካለቀሰችው በላይ አለቀሰች። «በድያቸዋለሁ» እያለች። ሐዘን የሚያናግራት መስሎኝ አጽናናኋት።

እንዲህ ሆነን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማዬ ቦታው ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ትቆርጣለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ መስፋቱ እኔን ይጠብቃል። አንዳንዴ ትናንት ሦስት እጅጌ ሰፍተን ያደርን መስሎኝ አምስት ተሰፍቶ አገኛለሁ። ተሳስቼ ይሆናል እላለሁ። ዛሬ ያ ቤት የለም፣ መንደሩም የለም፤ ፎቅ በቅሎበታል። እናቴም ከኔ ከተለየች ቆይታለች። እነዚያ እጅጌዎች ግን አሁንም ዓይኔ ላይ ናቸው።

የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ አሰላ ተመደብኩ። ስሄድ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ማን ያዞርላታል? «የጎረቤት ልጅ አላጣም፣ አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ» አለችኝ። ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር ማን እያዞረላት እንደሆነ እጠይቃለሁ። በመልሱ ስለ ሁሉ ነገር ትጽፋለች፣ ስለዚያ አትጽፍም።

ለእረፍት ሳልነግራት መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በበሩ መጋረጃ ሥር ገብታለች። የመኪናዋን ድምፅ ገና ከመንገድ ሰማሁት። አንዲት ልጅ አግኝታለች ብዬ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁት።

እናቴ ብቻዋን ነበረች። በቀኝ እጇ መዘወሪያውን ታዞራለች፣ በግራ እጇ ጨርቁን ትመራለች። ከኔ ጋር ስትሰፋ ከነበረው ይልቅ ትፈጥናለች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አዲስ የለመደችው አልነበረም፤ ዓመታት የሠራችበት እጅ ነው። የሻጩ ሳቅ፣ እኚያ ጨዋ ሽማግሌ ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው የዋሹልን ውሸት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። አክስቴም ቤታቸው መኪና ነበራቸው፤ ነገሩ ያኔውኑ ገብቷቸው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እናቴ የእግር መኪናዋን ስትተዋት አብራ የተወችውን ያን የፈካ ፊቷን አሰብኩ፤ አክስቴን ደግሞ፣ ባዶ መቀመጫ አጠገባቸው ይዘው በአውቶቡስ ወደ ናዝሬት ሲመለሱ። ለሁለቱም አለቀስኩ፣ እዚያው መጋረጃው ውስጥ ቆሜ።

ቀና ስትል አየችኝ። እጇ ከመዘወሪያው ላይ ሸርተት ብሎ ጭኗ ላይ ወደቀ። ብዙ ተያየን።

ከዚያ በርጩማውን በእግሯ ወደ ቀኟ ሳብ አደረገችው።

«መጣሽ?» አለች። «ነይ እስቲ አዙሪልኝ፤ ብቻዬን አልሆነልኝም።»

ሻንጣዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩና አዞርኩላት።

«ቀስ» አለችኝ።

ቀስ አልኩ።