«ወይም» የምትለዋ ቃል

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ስትተይብ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳትዘጋ አልፋ ስለማታውቅ «አራት ነጥብ» ነበር የሚሏት። ስንት አለቃ ተሹሞ ተሻረ፤ እሷ ግን መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዋ ንቅንቅ አላለችም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሕግ ክፍል ኃላፊው በሩን ዘግቶ ረቂቅ ሰጣት። በተደራጀ ወንጀል ላይ መንግሥትን የሚያማክረው ቦርድ የአባልነት ደንቡ ሊቀየር ነው። «ከእኔና ከአንቺ ሌላ ያየው የለም» አላት። አንቀጽ አራት፣ አባል የሚሆን ሰው «በወንጀል ተፈርዶበት የማያውቅ እና በአንድ ማኅበር የተጠቆመ» ይሁን ይላል። ተየበችው፤ አትማም መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ከሥራ ወጥታ ፌርማታ ላይ ስትቆም፣ ሽማግሌ ለመባል ትንሽ የቀረው፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ተጠጋት።

«እትዬ፣ ዛሬ ደከመዎት አይደል? አንቀጽ አራት ላይ አንዲት ቃል ተሳስታለች። ‹እና› ሳይሆን ‹ወይም› ነው የሚባለው።»

«ማን ነዎት እርስዎ?» አለችው።

«ታናሽ እህትዎስ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ሦስተኛ ፎቅ መውጣቱ አልከበዳትም?» አለና፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ክንዷን ደግፎ አሳፈራት። ጣቶቹ እንደ በረዶ ይቀዘቅዙ ነበር።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች። መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው፤ ወረቀቱም አለ። ደግማ አነበበችው። «ወይም» ከገባ፣ የተፈረደበት ሰውም ማኅበር ከጠቆመው ቦርዱ ላይ ይቀመጣል። ወንጀለኛው ስለ ወንጀለኛ ሊያማክር ነው።

ለኃላፊው ነገረችው። ደንግጦ ይጮኻል ብላ ነበር። እሱ ግን ቀና ሳይል፣ «ልክ ነው፤ ‹ወይም› በይው» አላት።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሰውየውን አላውቀውም!»

«እኔም አላውቀውም።» ድምፁ ሰለለ። «ልጆቼን ግን በየስማቸው ነው የሚጠራቸው።»

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ መሳቢያዋን ከፈተች። ከዚያ የታዘዘችውን ቃል አስገባች፤ ግርጌው ላይ ደግሞ፣ «ይህ ቃል የተለወጠው የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ያልሆነ ሰው ሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታ ቆሞ ባዘዘው መሠረት ነው» ብላ ተየበች። ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። ዐሥራ ሁለት ቅጂ አባዝታ ለቦርዱ ነባር አባላት በየእጃቸው አደረሰች።

ከዚያ ወዲያ በኮሪደሩ ስታልፍ ወሬው ቀጥ ይል ጀመር። በሳምንቱ ደንቡ «ለተጨማሪ ጥናት» ተብሎ ተመለሰ፤ እሷም ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ተዛወረች። እህቷን ወደ አክስታቸው ልጅ ቤት ሰደደቻት።

ኃላፊው አንድ ሐሙስ ለምሳ እንደወጣ አልተመለሰም። ኮቱ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ደፍሮ የሚነካው ጠፋ። በመጨረሻ እሷ ወጥታ አቧራውን አራገፈችና በጋዜጣ ጠቅልላ ቤቱ ድረስ ይዛው ሄደች።

ሚስቱ በሩን ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ብቻ ገርበብ አደረገችው። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም» አለችና ጥቅሉን በክፍተቱ አሳለፈችላት።